የራሴን ለቅሶ የተቀመጥኩ ዕለት

እህቴ ቀኑን ሙሉ እኔን ስትፈልግ ትውላለች። እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ እውላለሁ። እንግዲህ ከሁለታችን የጠፋው ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

የምንኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከአባታችን እርሻ ተቆርሳ ተቆርሳ በተረፈች ቁራሽ መሬት ላይ። በግራም በቀኝም ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ግንብ ቤት ሠርተው ከበውናል። የእኛ የጭቃ ቤት መሃላቸው ተጎልታ ስትታይ ሠርግ ላይ ሳይጠራ የመጣ ዘመድ ትመስላለች። እህቴ ሰማንያን ካለፈች ቆየች። እኔ ሰባን ተሻግሬያለሁ፤ በስንት እንደተሻገርኩ ግን አልናገርም። ይህን ጽሑፍ አንዲት ደህና ወይዘሮ ታነበው ይሆናል፤ ሰው ተስፋ አይቆርጥም።

እናታችን የሞተችው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። እህቴ ያኔ ገና ልጃገረድ ነበረች። እኔን በጀርባዋ አዝላ ላም ስታልብ፣ ወተት ስትሸጥ፣ ለጋብቻ የመጡላትን ሽማግሎች ስትመልስ አደግኩ። «መጀመሪያ ይኼ ጉርባ ራሱን ይቻል» ትላቸው ነበር። ጉርባ በኦሮምኛ ወንድ ልጅ ማለት ነው። ሌላ ስም ያለኝ መሆኑን ያወቅኩት ትምህርት ቤት ስመዘገብ ይመስለኛል። ጉርባው ራሱን ሲችል አዲስ አበባ ገባና የከተማ አውቶቡስ ነጂ ሆነ፤ አገባ፤ ሴት ልጅ ወለደ፤ እህቱን ለመስቀልና ለፋሲካ ብቅ እያለ ጠየቃት። ሲመለስ ቅቤ አስይዛ ትሸኘዋለች። ራሱንም እንደ ጥሩ ወንድም ይቆጥር ነበር፤ ሞኝ ሰው ስለ ራሱ ክፉ አያስብም።

ሚስቴ ካረፈች በኋላ የሱሉልታ ሰዎች ደወሉልኝ። እህትህ ወተት ጥዳ ትረሳለች፣ የበሩን ቁልፍ ከጤፍ ማድጋ ውስጥ ትደብቃለች አሉኝ። «ልጦራት እመለሳለሁ» ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። እውነቱን ለመናገር ሽሮም መሥራት አቅቶኝ ነበር።

መጀመሪያ የሰንበቴ ቀን ጠፋባት። ቀጥሎ የጎረቤት ስም። ከዚያ አንድ ማለዳ ፊቴን ታጥቤ ስገባ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችኝና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ራሷን ሸፈነች። «አከም ቡልተን፣ አባባ» አለችኝ። እንደምን አደሩ ማለቷ ነው፤ ደጅ ለቆመ እንግዳ የሚባል ሰላምታ። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ብሎ ከነገረን ቆይቶ ነበር፤ እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ብትረሳ እኔን ትዘልለኛለች ብዬ ተማምኜ ነበር። ምን ዓይነት ጉራ ነው!

ኋላ ስረዳው እኔን አልረሳችኝም። የረሳችው ያረጀሁትን እኔን ነው። ልጁ አለ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ ወተት አድርስ ተብሎ ተልኮ ወጥቶ አልተመለሰም። እና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ ከዘራዋን ይዛ ትነሣለች።

«አንቱ፣ ልጅ አላዩም?» ትለኛለች።

«ምን ዓይነት ልጅ?»

«ጥርሱ የወለቀ።»

«ይኸው፣ የእኔም ወልቋል» ብዬ አፌን እከፍትላታለሁ።

«አንቱማ አርጅተው ነው! የእሱ ይበቅላል።»

መታወቂያዬን አምጥቼ አሳየኋት። ስሙን አነበብኩላት፤ የአባታችንን ስም ጭምር። ፎቶውን ከፊቷ አራቅ፣ ቀረብ አድርጋ ካየች በኋላ መለሰችልኝ። «ምስኪን፣ እሱም ስሙ እንዲያ ነው? ፊቱ ግን አያምርም» አለች። አውቶቡስ ነጂ ሳለሁ ብዙ ስድብ ጠግቤያለሁ፤ እንደዚህ በእርጋታና በርኅራኄ የሰደበኝ ግን የለም።

ከጤና ጣቢያ እየመጣች የምታያት ነርስ አለች፤ ለነገር የማትቸኩል ልጅ። «አባባ፣ አይከራከሯት» አለችኝ። «እውነቱን በነገሯት ቁጥር ጭንቀቱ ይብስባታል። እሷ ያለችበት ይሂዱላት።» ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ። ራሴን መነቅነቅ እችልበታለሁ፤ ምክር ሲመጣ ራሴ ይቀበላል፣ ሌላው አካሌ አይሰማም።

እስከዚያው አብሬያት እዞር ነበር። እሷ ፊት፣ እኔ ሁለት እርምጃ ኋላ። ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። የባጃጅ ነጂዎቹ ለምደዋታል። «እማማ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ነው» ይሏታል አንዳንዶቹ። «ታዲያ መቼ ነው የሚለቁት?» ትላቸዋለች፤ ፀሐይዋን አይታ ትንሽ ትጽናናና ትመለሳለች። እስከ አስፋልቱ ድረስ ችግር የለም። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ክንዷን እይዛለሁ፤ ከጎጃም የሚመጣ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ሲለቀው አይምርም።

አንድ ቀን ታዲያ ክንዷን የሚይዘው ሰው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አንቀላፋ። ያ ሰው እኔ ነኝ። የፍሬን ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ። ስሮጥ፣ ማለቴ ጉልበቴን ይዤ ስንቀሳቀስ፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መንገዱ መሃል ቆሟል። ነጂው ወርዶ እህቴን በሁለት እጁ ይዟታል። እሷ ምንም አልሆነችም።

«አባባ፣ ሚስትዎን ይጠብቁ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ።

«እህቴ ናት።»

«ታዲያ እህትዎን አይጠብቁም?»

እህቴ ደግሞ ነጂውን ቀና ብላ አይታ፣ «ልጅ አላየህም፣ የኔ ጌታ? ጥርሱ የወለቀ» አለችው። ሰውየው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ፤ እሱ በዚያች ደቂቃ ምን እንዳየ አውቃለሁ።

ያን ዕለት አንድ ብልሃት መጣልኝ። ስለ ብልሃቴ ከመናገሬ በፊት እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በእኛ አገር የጠፋ ሰው ይፈለጋል፤ የሞተ ሰው ይለቀስለታል። መርዶ ከተነገረ በኋላ የሚፈልግ የለም። እንግዲያው መርዶውን ብነግራትስ? ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል፣ አስፋልቱም ይቀርላታል ብዬ አሰብኩ። መርዶ መናገር ደግሞ ሙያዬ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ሳለሁ የሰፈሬ እድር ሽማግሎች ለመርዶ ሲሄዱ ሁልጊዜ እኔን ይዘው ነበር የሚሄዱት፤ ደስ ብሎኝ እንኳ ፊቴ ያዘነ ስለሚመስል። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ብቻ አይኬድም። የሚይዛት፣ የሚደግፋት ዘመድ አስቀድሞ ይሰበሰባል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ በማግስቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ለብቻዬ፣ እሷ ከዘራዋን ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች ተናገርኩት።

«አንቱ፣ ልጅ አላዩም?»

«እትዬ፣ ያ ልጅ እኮ አርፏል።»

አየችኝ። ያልገባት መስሎኝ ልደግመው ነበር። ከዘራው ከእጇ ወደቀ። ቀጥሎ የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም፤ የምጽፍበት ፊደል የለኝም። ደረቷን መታች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ከራሷ ጣለች። «ጉርባዬን! በልቶ ያልጠገበ ጉርባዬን!» አለች።

ልይዛት ጎንበስ ስል ገፋችኝ። ማን ነኝ እኔ? ክፉ ወሬ ያመጣ ሽማግሌ!

መጀመሪያ የደረሰችው በአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ናት። ከተማ ሥራ እየተመላለሰች የምትኖር፣ ወደ ሰፈራችን ከገባች ገና ዓመት ያልሞላት ሙስሊም ሴት ናት። ከሰርቪስ መውረዷ ነው፤ አንድ እግሯ ጫማ አለው፣ አንድ እግሯ የለውም። እህቴን እቅፍ አድርጋ «ማን ነው የሞተው?» አለች።

«ወንድሜ! አንድ ወንድሜ!» አለች እህቴ።

ጎረቤታችን እንባዋ መጣ። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔን የምታውቀኝ «ሽማግሌው» ብላ ነው፤ አዲሶቹ ጎረቤቶች ሁሉ ባልና ሚስት እንመስላቸዋለን። «አባባ፣ እግዜር ያጥናዎት። ለእርስዎ ምንዎ ነበር?» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ አሁን ብዙ ቀን ሳስበው እያንዳንዱ ቃል ይታየኛል። እኔ ያልኩት ግን «የቅርብ ዘመድ ነው» ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ሱሉልታ ውስጥ ለቅሶ የሰማ ሰው ማነህ፣ ከየት ነህ አይልም፤ ይመጣል። ከግንብ ቤቶቹም ከጭቃ ቤቶቹም መጡ። አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። ዳቦ መጣ። አንዱ ጎረምሳ ለእድሩ ደውሎ ኖሮ በጋሪ የተጫነ ድንኳን ደጃችን ላይ ቆመ፤ ብረቱን ማቆም ጀመሩ። እኔ አንዱን ብረት ያዝ ስባል ያዝኩ። የራሱን የለቅሶ ድንኳን የተከለ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም።

የእድሩ ዳኛ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከእኔ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ኳስ የተራገጠ፣ ቤተሰባችንን እስከ ሥር የሚያውቅ ሰው ነው። ገብቶ እህቴ እግር ሥር ተቀምጦ አለቀሰና ወጣ፤ ከዚያ ድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ አገኘኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሟ ሞተ ይላሉ።»

«አዎ።»

«እሷ እኮ ያላት አንድ ወንድም ነው።»

«አንድ ነው።»

«አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«እኔ።»

ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ነገሩን ከሥሩ አጫወትኩት፤ አስፋልቱን፣ መኪናውን፣ ብልሃቴን።

«አንተ ሰው» አለኝ፣ «በልጅነትህም እንዲህ ነበርክ። ሰው የራሱን መርዶ ይናገራል? ያውም ከሰዓት በኋላ?»

የከሰዓቱ ነገር ነው የበለጠ የከነከነው። ድንኳኑ ይፍረስ ብዬ ለመንኩት። በበሩ ወደ ውስጥ አየ። እህቴ በሴቶቹ መሃል ናት፤ ጎረቤታችን ጀርባዋን ትደግፋታለች፤ አንዷ ውሃ ታቀምሳታለች። «አሁን ሰዉን ብትበትንባት ለብቻዋ ነው የምታለቅሰው» አለኝ። «ካስለቀስካት አይቀር ሰው ይያዝላት። ግባና ተቀመጥ። ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እባክህ፤ ምንም እንዳትናገር።»

ገብቼ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ዞረ፤ ዘገንኩ። ጨው አንሶታል፤ ግን የራስ ንፍሮ ላይ ምን ይባላል።

እህቴ ሙሾ ማውጣት ጀመረች። እንዲህ ያለ ድምፅ ያላት መሆኑን አላውቅም ነበር። ጠዋት የበላችውን የማታስታውስ ሴት፣ ቃሉን አንድም ሳታስት ታወርደው ጀመር፤

«ከጭቃ መልሼ እግሩን ያጠብኩት፣
በየት በኩል ሄዶ ዛሬ ነው ያጣሁት።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ቀጥላ ስለ እኔ ተናገረች። ኩፍኝ ሲይዘኝ ጥጃዋን ሸጣ እንዳሳከመችኝ፤ እኔ ጥጃዋ የት ሄደች ብዬ አኩርፌ ሦስት ቀን እንዳላናገርኳት። ወተቱን መንገድ ላይ ጠጥቼ በውሃ ሞልቼ እንዳደረስኩ፤ ሰዎቹ ሲመጡባት «ላሟ ናት የቀጠነች» ብላ እንደሸፈነችልኝ። ይህን እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ አልታወቀብኝም ብዬ እኖር ነበር። አዲስ አበባ የገባሁ ዕለት አውቶቡሱ እስኪሰወር ቆማ እንዳየች፣ እኔ ግን ዞሬ እንዳላየሁ። እውነት ነው፣ አልዞርኩም። መስኮት አጠገብ ቦታ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንባዬ ሲወርድ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «በቃ አባባ፣ ለሄደ ሰው ምን ይደረጋል» አለኝ።

ጀምበር ሳትጠልቅ የእድሩ ዳኛ ሰዉን በዘዴ አሰናበተ። ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩም። በማግስቱ አልፎ አልፎ ሰዎች ሰላም ሲሉኝ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፤ ሳቅ ነው ወይስ ሐዘን፣ ሁለቱም ይገባኛል።

እህቴ በማግስቱ መርዶውን ረስታዋለች። ይህንን አስቀድሜ አስቤበት ነበር። ያላሰብኩት ግን ሐዘኑን አለመርሳቷን ነው። ምክንያቱ ጠፍቶ ሐዘኑ ብቻውን ቀረ። አሥር ሰዓት ሲሆን አልተነሣችም። ከዘራውን አልያዘችም። «ልጅ አላዩም?» አላለችም። ግድግዳውን ደገፍ ብላ ተቀምጣ፣ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው መዳፎቿን እያገላበጠች ታያለች። አስፋልቱ ቀረ፤ እንደፈለግኩት። ከእሱ ጋር ምግቡም ቀረ።

አንድ ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። ሁለተኛውንም ቀን። በአጃ አጥሚት ሠራሁላት፤ ማንኪያውን ወደ አፏ ሳስጠጋ ፊቷን ታዞራለች። በሶ በጠበጥኩ። ጎረቤታችን የዶሮ ሾርባ ሠርታ መጣች፣ ለመነቻት፣ አቅፋ አባበለቻት፤ እምቢ። ነርሷ መጥታ የክንዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችና አየችው። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜ ሦስት አራት ቀን ብዙ ነው» አለችኝ። «ካልበላች ሆስፒታል መግባቷ ነው። ሆስፒታል ደግሞ ማንንም አታውቅም፤ ይብስባታል።» ከዚያ አይቼባት የማላውቀው ጭካኔ መጣባት። «እኔ የነገርኩዎት ምን ነበር?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ልጄ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ወሬውን ሰምታ ደወለች። «አባዬ፣ ለቅሶ ተቀመጥክ የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«ትንሽ።»

«ትንሽ ለቅሶ አለ እንዴ? ስማኝ፣ እስከ ቅዳሜ ምንም ካልቀመሰች መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ። እዚህ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አስፋልት የለ፣ ምን የለ። አንተ ብቻህን አልቻልክም፤ መቆጣቴ አይደለም፣ አባዬ።»

አልተቆጣችም፤ ያ ነው የባሰው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ያ ልጅ በየት በኩል ይመጣላታል ብዬ አሰብኩ።

ስልኩን ዘግቼ ዳቦ ቆርሼ፣ ቅቤ ቀብቼ፣ ሳህኑን እጇ ላይ አኖርኩላት። ሳህኑን አየች። እኔን አየች። በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ያኔ ተናገረች።

«ልጁ ሳይበላ?» አለች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለካ እህቴ አልበላም አላለችም። ከእኔ በፊት በልታ አታውቅም። ሰባ ዓመት ሙሉ አላስተዋልኩትም እንጂ፣ በልጅነታችን ማዕድ ላይ መጀመሪያ እኔ ነኝ፣ የተረፈውን እሷ ናት። አሁንም ተራዋን እየጠበቀች ነው። ነርሷ «እሷ ያለችበት ይሂዱላት» ስትለኝ በአፍ ብቻ መስሎኝ ነበር። በእግር ኖሯል የሚኬደው።

ልጅ ሳለሁ አጥፍቼ ስመጣ በፊት በር አልገባም ነበር። በጓሮ ዞሬ፣ በጓሮው በር ሥር ቁጢጥ ብዬ፣ በእጄ ዝቅ አድርጌ እየመታሁ መጀመሪያ ውል እዋዋል ነበር። አለመመታቴን አስምዬ ነው የምገባው።

ወጣሁ። በቤቱ ጎን ዞሬ ጓሮ ገባሁ። ቁጢጥ ማለቱ ቀላል አልነበረም፤ አንዱ ጉልበቴ ሲታጠፍ ሌላው አልስማማ አለ። ግድግዳውን ይዤ ቀስ እያልኩ ስወርድ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አወጣች።

«አባባ! ምን ሆኑ? ወደቁ?»

«ዝም በይ፣ ተደብቄ ነው።»

«ከማን?»

«ከእህቴ። ትመታኛለች።»

አፏን በእጇ ያዘች። ሄደች ብዬ ነበር፤ አልሄደችም።

በሩን በእጄ ዝቅ አድርጌ መታሁት። «እትዬ» አልኩ። ድምፄን ለማቅጠን ሞከርኩ፤ የታመመ አውራ ዶሮ መሰልኩ። ተውኩት፤ በራሴ ድምፅ ተናገርኩ። «እትዬ፣ አትመቺኝም?»

ከውስጥ ምንም የለም።

«እትዬ፣ መጥቻለሁ። አትመቺኝም?»

ሳህን መሬት ሲነካ ሰማሁ። ቀጥሎ የእግሯን ኮቴ፤ ሁለት ቀን ያልተነሣችው ሴት እየመጣች ነው። በሩን ከውጭ በትከሻዬ ያዝኩት፤ ፊቴን ካየች ሁሉ ነገር ይበላሻል።

«የት ነበርክ አንተ!» አለች። «የት ነበርክ! ጆሮህን ነው የምቆርጥልህ!»

በዕድሜዬ ብዙ ጥሩ ነገር ተብዬአለሁ፤ ጡረታ ስወጣም የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል። እንደዚህ ስድብ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

«ማይልኝ መጀመሪያ።»

«በእናቴ አልመታህም። ግባ።»

«አፍሬ ነው።»

«ድምፅህ ምን ሆነ? ጎርንኗል።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«ደረትህን ገልጠህ ስትሮጥ ነዋ! አላልኩህም?» ስትተነፍስ ይሰማኛል፤ በመካከላችን የበሩ ሳንቃ ብቻ ነው። «እጅህን አምጣ» አለች።

በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጌ እጄን በክፍተቱ አሳለፍኩ። እዚህ ላይ አበቃልኝ ብዬ ነበር፤ ሥሩ የተገተረ፣ ጠቃጠቆ የሞላው የሽማግሌ እጅ ነው። በሁለት መዳፏ ያዘችው። አልጣለችውም። በአውራ ጣቷ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች አሻሸችው።

«እንዴት ሻክሯል» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። «ብርዱ ነው። ቅቤ እቀባልሃለሁ። ርቦሃል?»

«ርቦኛል።»

ሄዳ ተመለሰች፤ ዳቦው መዳፌ ላይ አረፈ። እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ አኘኩ፤ በተረፉልኝ ጥርሶች የሚቻለውን ያህል። እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ በላሁት።

«ጠገብክ?»

«ጠገብኩ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ጨዋታ ይብቃ፤ እግርህን ታጠብና ግባ።»

ከመሬት የተነሣሁት ጎረቤታችን በአጥሩ ክፍተት ገብታ ብብቴን ይዛ ስታነሣኝ ነው። ዓይኗን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገች። የእኔን ነጠላ ነው የተጠቀመችው፤ ይሁን።

በፊት በር ዞሬ ገባሁ። እህቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ኮታ፣ ይምጡ፣ ይግቡ!» አለችኝ። «ልጁ መጣ እኮ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የታለ?»

«ጓሮ ነው። አፍሯል። ተዉት፣ አይጥሩት፤ ሲበርደው ይገባል። ዳቦውን በልቷል።» እጇን ዘረጋች። «ያን አጥሚት አምጡልኝ እስቲ። እሱ ከበላ እኔም ልቅመስ።»

ሳህኑንና ማንኪያውን አመጣሁላት። አንድ ማንኪያ ጎረሰች። ዋጠች። ሁለተኛውን ስታነሣ ቆም አለችና አየችኝ፤ ፈራሁ።

«አንቱስ» አለች፣ «የሚጠብቅዎት ሰው የለም?»

«እህት አለችኝ።»

«ታላቅ ናት ታናሽ?»

«ታላቅ ናት። እሷ ናት ያሳደገችኝ።»

«ውይ!» ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። «ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጥዎታል? ፀሐይዋ እኮ ዘቀዘቀች። አንቱ ወንድ ነዎት፣ አያውቁትም። የምትጠብቅ እህት እህል አይወርድላትም። ይሂዱ፣ ይሂዱላት።»

«እሺ» ብዬ ተነሣሁ። ወጣሁና መስኮቱ ሥር ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጠራ።

«አባዬ» አለችኝ ልጄ፣ «በላች?»

ከውስጥ ማንኪያው ሳህኑን እየነካ፣ እየነካ ነበር። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁላት።